የሠራተኛዋ እናት ጤና የማን ኃላፊነት ነው?



በዚህ ሳምንት ለዝግጅት ክፍላችን ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ አሳስቦናል። ጸሐፊዋ የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት ናት። ባሏ በግዳጅ ላይ ስለሚገኝ ሁለት ልጆቿን ይዛ በኪራይ ቤት ትኖራለች። የቤቱን ወጪ ለመደጎምም ከሁለት ዓመት ወዲህ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ ማርገዟን ያውቃል፤ አሠሪዋ ግን አያውቅም። ከደብዳቤዋ ጥቂቱን ቀንሰን እንደሚከተለው አቅርበነዋል፦

«ሆዴን በሰፊ ጋዋን ሸፍኜ እገባለሁ። ሽንት ቤት ለመሄድ አለቃችንን ማስፈቀድ ስላለብን በሥራ ሰዓት ውኃ አልጠጣም። ባለፈው የሌሊት ፈረቃ ዓይኔ ጨለመና ከመኪናው አጠገብ ወደቅሁ። ጓደኞቼ አንሥተው ፊቴን በውኃ አበሱልኝ፤ አለቃችን ሳታይም ወደ ቦታዬ ተመለስሁ። የፋብሪካው ክሊኒክ በሌሊት ዝግ ነው። ለባለቤቴ በሩቅ ሆኖ እንዳያስብ ብዬ አልነገርሁትም። ማርገዜን ብናገር ከሥራ ያሰናብቱኛል ብዬ እፈራለሁ። የዕረፍቴ ጊዜ እስኪደርስ ደብቄ ብሠራ ምን ይመስላችኋል?»

እኅታችን ሆይ፤ መልሳችን አጭር ነው። አትደብቂ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው። እርግዝና በሽታ አይደለም፤ ነገር ግን ሲደበቅ ወደ በሽታ፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ሞት የሚያደርስ መንገድ ይከፍታል። ይህንን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚሞቱትን እናቶች ቁጥር ከ100,000 ሕያው ወሊዶች 412 አድርጎ ገምቶታል። ከነዚህ እናቶች ብዙዎቹን በጊዜ የታየና በጊዜ የተነገረ ምልክት ሊያተርፋቸው ይችል ነበር።

ይህን ነገር ወታደር ከማንም በላይ ያውቀዋል። ጫማው እግሩን የላጠው ወታደር ቁስሉን ደብቆ ጉዞ ቢጀምር፣ በማግሥቱ ጓደኞቹ የራሳቸውን ትጥቅና እርሱን ጭምር ለመሸከም ይገደዳሉ። ስለዚህም ነው ብልህ አዛዥ ከጉዞ በፊት የሠራዊቱን እግር የሚያየው። እግርን ማየት ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የግዳጅ ዝግጅት ነው። በፋብሪካ ውስጥም እንዲሁ ነው። የሠራተኛዋን ጤና መጠበቅ ችሮታ አይደለም፤ የሥራው አንድ ክፍል ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ለእኅታችን ጥያቄ መልስ እየሰጠን፣ ይህ ኃላፊነት በማን በማን ላይ እንደሚያርፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ስለ ሴት ሠራተኞች በግልጽ ይደነግጋል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ በሌሊት ሥራ፣ ወይም በማናቸውም ጊዜ በትርፍ ሰዓት ሥራ ላይ መመደብ ክልክል ነው። የምትሠራው ሥራ ለራሷ ወይም ለፅንሱ ጤና አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ የሥራ ቦታ ልትዛወር ይገባል። ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራ ደመወዟ ሳይቀነስ ፈቃድ ይሰጣታል፤ አሠሪው ግን ለመመርመሯ የሐኪም ማስረጃ ሊጠይቃት ይችላል። ከመውለዷ በፊት 30 ተከታታይ ቀናት፣ ከወለደች በኋላም 90 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ታርፋለች። በ1996 ዓ.ም. በወጣው በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ዕረፍት 60 ቀናት ብቻ እንደ ነበር እናስታውሳለን።

እኅታችንን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቃት የመሰናበት ሥጋት ነውና በዚህ ላይ ሕጉ የሚለውን ለብቻው እንግለጽ። ሠራተኛዋ ነፍሰ ጡር በሆነችበት ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ አሠሪው የሥራ ውሏን ሊያቋርጥ አይችልም። ከዚህ ውጭ የሚሆነው ከእርግዝናዋና ከወሊዷ ጋር ግንኙነት የሌለው፣ ሕጉ የሚፈቅደው ሌላ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። ሕጉ የሚጠብቃት አሠሪዋ ማርገዟን ሲያውቅ ነው። የደበቀች ሴት ጋሻዋን እቤቷ ትታ ወደ ግዳጅ እንደ ወጣች ትቆጠራለች። በሌሊት መኪና ላይ ብትወድቅ «አላወቅንም ነበር» የሚል መልስ ይጠብቃታል።

ስለዚህ እኅታችን እንዲህ እንድታደርግ እንመክራለን። በመጀመሪያ፣ ይህን ጽሑፍ ባነበበችበት ቀን ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ራሷን ስታ መውደቋንም ለሐኪሙ ሳትደብቅ ትንገር። ሁለተኛ፣ የእርግዝናዋን ዕድሜና የምትወልድበትን ግምታዊ ቀን የሚገልጽ የጽሑፍ ማስረጃ ትቀበል። ሦስተኛ፣ ማስረጃውን ከአጭር ማመልከቻ ጋር በሁለት ቅጂ አዘጋጅታ አንዱን ለፋብሪካው የሰው ኃይል አስተዳደር ትስጥ፤ በሁለተኛው ቅጂ ላይ የተቀበለውን ሰው ፊርማና ቀን አስፈርማ ከቤቷ ታስቀምጥ። አራተኛ፣ በፋብሪካው የሠራተኞች ማኅበር ካለ ለተወካዩ ታሳውቅ። ይህ ሁሉ ተደርጎ በሌሊት ፈረቃ መመደቧ ካልቀረ ወይም በመሰናበት ቢያስፈራሯት፣ በምትኖርበት ከተማ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ለሚገኘው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አቤት ማለት ትችላለች።

በዚህ መካከል ለአንድ ሰዓት እንኳ ሊዘገዩባቸው የማይገቡ ምልክቶች አሉ። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን መደንገዝ፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ትኩሳት፣ የሽርት ውኃ መፍሰስ፣ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ መንቀጥቀጥ፣ እንዲሁም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ናቸው። ከነዚህ አንዱ ሲታይ ፈረቃ፣ አለቃና ፈቃድ ሁሉ ወደ ኋላ ይቀመጣሉ፤ መሄድ ያለባት ወደ ሐኪም ነው።

ከሕጉ ባሻገር

ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን የክሊኒክ በር አይከፍትም። በሌሊት ነርስ የሌለበት ፋብሪካ፣ ውኃ መጠጣት የሚያስፈራበት የሥራ መስመር፣ ለምርመራ የሄደችን ሴት በወር መጨረሻ ከጉርሻ የሚያስቀር ሥርዓት፣ እነዚህ ሁሉ የሚታረሙት በሥራው ቦታ በሚደረግ ዝግጅት ነው። ይህም ከብዙ ዘመን በፊት በሌሎች አገሮች የታወቀ እውነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1888 በለንደን ከተማ በአንድ የክብሪት ፋብሪካ 1,400 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች ሥራ አቆሙ። ክብሪቱ የሚሠራው ነጭ ፎስፎረስ ከሚባል መርዘኛ ንጥረ ነገር ነበር። ሠራተኞቹ ምሳቸውን የሚበሉት በዚያው በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ስለ ነበር መርዙ ከምግባቸው ጋር ይገባ ነበር፤ የብዙዎቹም የመንጋጋ አጥንት እየበሰበሰ ይወድቅ ነበር። ከሥራ ማቆሙ በኋላ ካገኟቸው ነገሮች አንዱ የሚያስገርም ቀላል ነገር ነው፤ ከሥራው የተለየ የምግብ ክፍል። መርዙ ራሱ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለው ከ18 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1906 በርን ከተማ ላይ ነው። ከዚህ የምንማረው አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ አንድ የተለየ ጠረጴዛ እንኳ የሰውን ጤና የሚያድን መሆኑን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1919 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅትም ገና በመጀመሪያው ጉባኤው ካጸደቃቸው ስምምነቶች አንዱ ስለ ወሊድ ጥበቃ ነበር። በዚያ ስምምነት ሠራተኛዋ 12 ሳምንት የወሊድ ዕረፍት፣ ወደ ሥራ ከተመለሰች በኋላም ልጇን የምታጠባበት በቀን ሁለት ጊዜ የግማሽ ሰዓት ፋታ እንዲሰጣት ተወስኗል። ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈው ይህ የጡት ማጥቢያ ፋታ በብዙ ፋብሪካዎች ዛሬም ገና የሚጠየቅ ነገር መሆኑ ያሳዝናል።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ የእኅታችንን መውደቅ የሚያስታውሰን ነገር በካምቦዲያ ደርሷል። በዚያ አገር የልብስ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች፣ አብዛኛዎቹ ወጣት ሴቶች፣ በሥራ ላይ እያሉ በቡድን በቡድን ራሳቸውን ይስቱ ጀመር። ምክንያቱ ሲመረመር የክፍሉ ሙቀት፣ የአየር መታፈን፣ የኬሚካል ሽታ፣ የትርፍ ሰዓት ብዛትና በባዶ ሆድ መሥራት ተጠቀሱ። አንዷ ስትወድቅ በሌሎቹ ላይ የሚያድረው ድንጋጤም ነገሩን ያባብሰው ነበር። መድኃኒቱ በሆስፒታል ብቻ የሚገኝ አልነበረም፤ መስኮት፣ ማራገቢያ፣ ምግብ፣ ውኃና ዕረፍት ጭምር ነበር።

ስለ ደም ማነስ

የሠራተኛ ሴትን ጉልበት በዝምታ ከሚበሉት ጠላቶች ዋነኛው የደም ማነስ ነው። ቀደም ሲል የጠቀስነው የ2008 ዓ.ም. ጥናት በአገራችን ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 24 በመቶ ያህሉ ደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህም ማለት በአንድ የስፌት መስመር ላይ ከተቀመጡ አራት ሴቶች አንዷ ማለት ነው። ምልክቶቹ ድካም፣ ማዞር፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ የትንፋሽ ማጠርና የዓይን መጨለም ናቸው። ብዙዎቻችን ግን «የሥራ ድካም ነው» ብለን እናልፈዋለን።

እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ አንድ ጥናት በስሪላንካ የሻይ እርሻ ላይ ቅጠል የሚለቅሙ ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። የብረት እንክብል የተሰጣቸውና ደማቸው የተሻሻለው ሴቶች ከበፊቱ የበለጠ ቅጠል ለቀሙ፤ በእንቅስቃሴያቸውም የነቁ ሆኑ። ቅርጫቱ ያው፣ ተራራውም ያው፣ ሴቶቹም እነዚያው ነበሩ። የተለወጠው ደማቸው ብቻ ነው። «ለሠራተኛ ጤና የሚወጣ ገንዘብ ኪሣራ ነው» ለሚል ሥራ አስኪያጅ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

የዓለም የጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ሴት በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም የብረት ንጥረ ነገር ከፎሊክ አሲድ ጋር እንድትወስድ፣ በእርግዝናዋም ዘመን ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ይመክራል። የመጀመሪያው ግንኙነት እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ መሆን አለበት። እኅታችን ይህ ጊዜ አልፏታል፤ ቢሆንም የዘገየ ምርመራ ከቀረ ምርመራ ይሻላል።

በቤታችን ስላለው ልማድም አንድ ነገር እንበል። ምስር፣ ጎመን፣ ሥጋ ሲገኝም ጉበት የብረት ንጥረ ነገር አላቸው። ቲማቲም፣ ሎሚና ብርቱካን ደግሞ ከጥራጥሬና ከጎመን የሚገኘው ብረት በሰውነት በሚገባ እንዲገባ ይረዳሉ። ቡናና ሻይ ግን ከምግብ ጋር ሲጠጡ ይህንኑ ያግዳሉ። ቡናችንን ተዉ ማለታችን አይደለም፤ ጎረቤት የሚገናኝበት፣ ወግ የሚያምርበት ነውና። ነገር ግን ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ፣ እንክብሉም በቡናና በሻይ ሳይሆን በውኃ ቢዋጥ፣ ለእናትም ለፅንስም ይበጃል።

የሥራ ቦታ የጤና ዝግጅት ምን ይመስላል?

በልዩ ልዩ አገሮች ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ የጓደኛ ለጓደኛ ትምህርት ነው። ቢዝነስ ፎር ሶሻል ሪስፖንሲቢሊቲ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረውና ኸርፕሮጀክት የሚባለው እንቅስቃሴ በዚህ መንገድ ታውቋል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ከየመስመሩ ጥቂት ሠራተኞች ይመረጣሉ። እነርሱም በሥራ ሰዓት ከአካባቢው የጤና ባለሙያዎች ስለ ምግብ፣ ስለ ወር አበባ ንጽሕና፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ እርግዝናና ስለ አባላዘር በሽታዎች ይማራሉ። ከዚያም የተማሩትን በምሳ ሰዓት፣ በመንገድና በመኖሪያ ቤት ለጓደኞቻቸው ያስተላልፋሉ። በወታደር ቤት የሻለቃው ሐኪም በሌለበት የመጀመሪያውን ርዳታ የሚሰጠው የጤና ረዳት እንደሆነ ሁሉ፣ በፋብሪካም ይህች የተማረች ጓደኛ በአጠገብ ትገኛለች። ለአለቃ የማይነገረው ነገር ለጓደኛ ይነገራልና።

ትምህርት ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ውኃ ጠጪ ተብላ የተማረች ሴት ሽንት ቤት ለመሄድ የምትሳቀቅ ከሆነ ትምህርቱ ባዶ ነው። ሽንትን ለረጅም ሰዓት መያዝና ውኃ አለመጠጣት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያስከትላል፤ ይህም በነፍሰ ጡር ሴት ላይ እስከ ኩላሊት ሊደርስና ያለ ጊዜው ወሊድ ሊያስከትል ይችላል። ስለ ወር አበባ ተምራ ሞዴስ የምትለውጥበት በር ያለውና ውኃ ያለው ክፍል ካላገኘችም ያው ነው። ስለዚህ እውነተኛ ፕሮግራም የሚባለው ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ዕውቀቱንም፣ ዕውቀቱ በሥራ የሚውልበትን ቦታና ጊዜም።

የእያንዳንዱ ሥራ አደጋም ለየቅል ነው። በጥጥ ማዳመጫና መፍተያ ክፍል የሚሠሩ ሠራተኞች ብናኙ ወደ ሳንባቸው ስለሚገባ፣ በተለይ ከዕረፍት ቀን በኋላ ሥራ በሚጀምሩበት ቀን ደረታቸው ይጨነቃል። በመጀመሪያ የሰኞ ሕመም ብቻ ይመስላል፤ እየቆየ ግን የሳምንት፣ ኋላም የዕድሜ ሕመም ይሆናል። በአበባ እርሻ የሚሠሩ እኅቶቻችን ደግሞ ፀረ ተባይ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ የተወሰነው ሰዓት ሳያልፍ ወደ ግሪንሀውስ መግባት የለባቸውም። የሥራ ልብሳቸውንም ከሕፃናት ልብስ ጋር አደባልቀው ማጠብ አይገባም። አዋጁ አሠሪው ለሠራተኞች የአደጋ መከላከያ እንዲሰጥ፣ የሥራውን አደጋ እንዲያስረዳ፣ የደኅንነትና የጤንነት ኮሚቴም እንዲያቋቁም ያዝዛል። በኮሚቴው ውስጥ ከሴት ሠራተኞች ወገን ተናጋሪ እንድትኖር መጠየቅ ያስፈልጋል።

የተባበረ ክንድ

ይህ ሁሉ በአንድ አሠሪ ትከሻ ብቻ ይከናወን አንልም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ ሥራው የብዙዎችን ትብብር ይጠይቃል። አሠሪው ክፍሉንና ሰዓቱን ይሰጣል። በአቅራቢያው ያለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ባለሙያውንና ክትባቱን ያቀርባል። በየከተማው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ትምህርቱን ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተውና በልዩ ልዩ ከተሞች ክሊኒኮች ያሉት የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበርም የቤተሰብ ምጣኔን ጉዳይ በማስተማርና በመርዳት የታወቀ ነው። የሠራተኞች ማኅበሩ ደግሞ የተባለው ሁሉ መፈጸሙን ይቆጣጠራል።

በዚህ ላይ ካለፉት ዓመታት አንድ ትምህርት መቅሰም ይገባናል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኛዎቹ ሴቶች፣ ከገጠር ወደ ፋብሪካ ሥራ ገቡ። ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያ ስትታገድ ግን አንዳንድ የውጭ ኩባንያዎች ለቀው ወጡ። በውጭ ገዥ በጎ ፈቃድ ብቻ የሚቆም የጤና ፕሮግራም ገዥው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። በኅብረት ስምምነት ውስጥ የተጻፈ፣ ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ጋር በፊርማ የተሳሰረ፣ ሠራተኞቹም የራሳቸው ያደረጉት ዝግጅት ግን ሥር አለው። ስለዚህ በየፋብሪካው የምትገኙ እኅቶቻችን ነርስ በሌሊት እንዲኖር ስትጠይቁ ቃል ብቻ ተቀብላችሁ አትመለሱ፤ በጽሑፍ ይስፈር በሉ።

የወንድሞቻችን ድርሻ

አሁን ወደ እናንተ ወደ ባሎች እንመለስ። እኅታችን መውደቋን ለባሏ ያልነገረችው ስለምትወደው ነው። እርሱ በምሽግ ሆኖ እንዳያስብ ብላ እርሷ በመኪና ላይ ሆና ብቻዋን ታስባለች። ይህ ዓይነቱ ዝምታ በብዙ ቤቶቻችን አለ። ዝምታውን ሊሰብር የሚገባው በመጀመሪያ ባል ነው። ከግዳጅ ቦታ ስትደውሉ ወይም ስትጽፉ «ልጆቹ ደኅና ናቸው?» ከማለት ጋር «አንቺስ ምርመራ ሄድሽ? ምን አሉሽ? መቼ ተመለሽ አሉሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ባያስደስትም አትቆጡ፤ የተቆጣ ባል በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን አይሰማም።

በዕረፍት ስትመጡ ውኃ መቅዳት፣ ከባድ ዕቃ ማንሣትና ገበያ መውጣት የወንድነትን ክብር አይቀንስም። ስምንት ሰዓት የሠራች ነፍሰ ጡር ሴት እቤት ስትገባ ሁለተኛ ፈረቃ የሚጠብቃት ከሆነ፣ የፋብሪካው ነርስ ብትጨምር ምን ይጠቅማል? ደግሞም ከረጅም ግዳጅ ስትመለሱ ከባለቤታችሁ ጋር አብራችሁ ሄዳችሁ የኤች አይ ቪና የአባላዘር በሽታዎችን ምርመራ አድርጉ። በጊዜ የታወቀ ሕመም መድኃኒት አለው፤ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍም መከላከል ይቻላል። ይህንን መነጋገር ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሕፃንን ባልተነገረ ምሥጢር ማሳመም ነው።

ስለ ሕፃኑ ከተነሣ አንድ ነገር እንጨምር። ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመከራል፤ የድኅረ ወሊድ ዕረፍቱ ግን ሦስት ወር ነው። በመካከል የቀሩት ሦስት ወራት እናቲቱን በእጅጉ ያስጨንቋታል። መፍትሔው በፋብሪካው የሕፃናት ማቆያ ወይም ቢያንስ ንጹሕና በር ያለው የጡት ወተት ማለቢያ ክፍል መኖሩ ነው። እጅን ታጥቦ በንጹሕ ባለ ክዳን ዕቃ የታለበ ወተት በጣም በማይሞቅ ክፍል እስከ አራት ሰዓት፣ በማቀዝቀዣም እስከ አራት ቀን ሊቆይ ይችላል። በጡጦ ፋንታ በንጹሕ ስኒ ማጠጣት ለሕፃኑ ጤና ይሻላል።

በመኖሪያ ሰፈሮቻችን የምትገኙ ባለቤቶችም እርስ በርስ ልትረዳዱ ትችላላችሁ። ዕቁብና ዕድር ማቋቋም የለመደ ሕዝብ ይህንንም አያቅተውም። በአንድ ፋብሪካ የምትሠሩ አምስት ስድስት ሆናችሁ ተሰብሰቡ፤ የምርመራ ቀናችሁን ተነጋገሩ፤ አንዷ ስትሄድ ሌላዋ ልጆቿን ትያዝላት። ከዚያም አራት ነገር በአንድ ድምፅ ጠይቁ። በየፈረቃው ክፍት የሆነ ክሊኒክ፣ ሳይሳቀቁ የሚጠጡት ውኃና የሚሄዱበት ሽንት ቤት፣ ለነፍሰ ጡር የሚስማማ የሥራ ቦታ፣ ለምታጠባ እናትም አንድ ክፍል። አንዷ ስትጠይቅ ልመና የሚመስለው፣ ሁላችሁም ስትጠይቁ መብት መሆኑ ይታያል።

እንግዲህ በርእሳችን ላይ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። የሠራተኛዋ እናት ጤና የማን ኃላፊነት ነው? የአሠሪው ነው፤ በጉልበቷ ይጠቀማልና። የጤና ጣቢያው ነው፤ ለዚሁ ተቋቁሟልና። የማኅበሯ ነው፤ ብቻዋን እንዳትቆም ተመሥርቷልና። የባሏ ነው፤ በፅንሱ ላይ እኩል ድርሻ አለውና። የራሷም ነው። እርሷ አፏን ካልከፈተች ሌሎቹ አራቱ ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።

እኅታችን ሆይ፤ ለሃምሳ አለቃው ዛሬውኑ ጻፊለት፤ መውደቅሽንም ጭምር ንገሪው። ወታደር ነውና ክፉ ወሬ መስማት ይችላል፤ የማይችለው ዘግይቶ መስማትን ነው። ጤና ጣቢያ ደርሰሽ ስትመለሺ ያሉሽን ብትጽፊልን ደስ ይለናል። ሌሎቻችሁም በምትሠሩበት ቦታ ያለውን መልካም ዝግጅትም ሆነ የጎደለውን ጻፉልን፤ ለሁላችንም ትምህርት ይሆናል።

እስከሚቀጥለው ሳምንት በጤና ያቆየን።